ቁስል በሱፐር ግሉ አይደፈን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በየጋራዡና በየእንጨት ቤቱ ጣት ሲቆረጥ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጎ ሥራ መቀጠል ተለምዷል። «ሐኪምም እኮ በሙጫ ያጣብቃል» ይባላል። እውነት ነው፤ ሙጫው ግን ሌላ ነው። የሐኪሙ ኦክቲል ወይም ቡቲል ሳይኖአክሪሌት የሚባለው የሙጫ ዓይነት ነው፤ ከጀርም የጸዳ ነው። የሚቀባውም ከላይ፣ በተገጠመው ቆዳ ላይ እንጂ ቁስሉ ውስጥ አይደለም። የሱቁ በአብዛኛው ኤቲል ሳይኖአክሪሌት ነው፤ ሲደርቅ ይሞቃል፣ ቶሎ ስለሚፈራርስም ሥጋውን ያስቆጣል። ጥጥ ከነካማ ቆዳ እስከ ማቃጠል ይደርሳል።

ግሪስና የብረት ብናኝ የገባበትን ቁስል በሙጫ መድፈን ቆሻሻውን ውስጥ ማሸግ ነው። ይልቅ በንጹሕ ጨርቅ 10 ደቂቃ ጫን አድርጎ መያዝ (እየገለጡ ማየት ደሙን መልሶ ይቀሰቅሰዋል)፣ ከዚያ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ 5 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ አድርቆ በፋሻ መጠቅለል። አፉን የከፈተ፣ መገጣጠሚያ ላይ ያረፈ፣ ወይም ጣትን ያደነዘዘና አልታጠፍ ያሰኘ ቁስል በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ይታይ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም እዚያው ይጠየቅ። ሙጫው ቀድሞ ከተቀባ በኃይል አይላጥ፤ ሙጫ የሚያሟሟው አሴቶንም (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው) ክፍት ቁስል ላይ አይፍሰስ።

ከድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች