ማክሰኞ ማታ ስልክ የማላነሳበት ምክንያት

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ሻል አለሽ?

ባለፈው ስለ እጅ ደወል ልምምዴ ስነግርሽ «ሁለት ድምፅ ለመምታት ነው ይህን ያህል የምትለማመጂው?» ብለሽ ስትስቂብኝ መልስ አጣሁ። ስለዚህ ልጻፍልሽ።

የእጅ ደወል እንደ ፒያኖ አይደለም። አንዱ ደወል አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። የእኛ ቡድን ደወሎች ባለ ሦስት ኦክታቭ ናቸው (ኦክታቭ ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው የድምፅ ርቀት ነው)፤ 37 ደወል ለ11 ሰው። ፒያኖ ተጫዋች ብቻውን በአሥር ጣቱ የሚጨርሰውን እኛ ተካፍለን እንሠራዋለን። የእኔ ድርሻ ሶልና ላ የሚባሉት ሁለት ድምፆች ናቸው። ሶል በግራ፣ ላ በቀኝ። አንድ ሰው ከቀረ ዜማው ጥርሱ የወለቀ ይመስላል። ለዚህ ነው ማክሰኞ ማታ ስትደውዪ የማላነሳው። እኔም እየደወልኩ ነዋ!

እንደ ቃጭል ማንቃጨል ደግሞ የለም። በደወሉ ውስጥ ያለው መምቻ የሚሄደው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ነው። ክንዴን ዘርግቼ በአየር ላይ ክብ እሠራለሁ። ድምፁ ይበቃዋል ሲባል የደወሉን አፍ ትከሻዬ ሥር ልጥፍ አደርገዋለሁ። ነሐሱ ሲርገበገብ በሸሚዜ ውስጥ ይሰማኛል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ጸጥ ይላል። የሚያለቅስ ሕፃን ደረት ላይ አቅፎ ዝም እንደማሰኘት ነው፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ጓንት የምናደርገው ግን ለማማር አይደለም። የእጅ ላብ ነሐሱን ያበላሸዋል።

አሁን የአድቬንት ሰሞን ነው፤ ከገና በፊት ያሉት አራት እሑዶች። የመጠበቂያ ጊዜ ስለሆነ መዝሙሮቹ ዝግ ያሉ ናቸው፤ ዕረፍታቸውም ብዙ ነው። እውነቱን ልንገርሽ? ከመምታቱ ይልቅ አለመምታቱ ነው ያስቸገረኝ። ደወሎቹን ይዤ በልቤ እየቆጠርኩ እቆማለሁ።

በሁለተኛው እሑድ ቆጠራው ተምታታብኝ። ሁሉም ዝም ባለበት የእኔ ላ አንድ ምት ቀድማ ጮኸች። ደወል ደግሞ ስሕተት አይደብቅልሽም። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። መሪያችን ግን ፈገግ ብሎ ቀጠለ።

የአራተኛውን እሑድ ቅጂ እልክልሻለሁ። ድምፁን ከፍ አድርገሽ ስሚው። መጨረሻው አካባቢ ሁሉም ጸጥ ይላል። አራት ድረስ ቁጠሪ። ከዚያ አንዲት ደወል ብቻዋን ትሰማለች። እሷ እኔ ነኝ።

ልጅሽ