የሹክና የሱፐርማርኬት ዋጋ በኪሎ ይነጻጸርልን

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በአንባቢያን ዓምድ አንድ ወገናችን ስለ ሹክ፣ ማለትም ስለ ክፍት ገበያው፣ «ሹክ ምንጊዜም ከሱፐርማርኬት ይረክሳል» ብለው የጻፉትን አነበብሁ። በአትክልት ረገድ የተናገሩት እውነት ነው። በሌላው የምግብ ሸቀጥ ግን አባባላቸው አዛውንቶቻችንን ያሳስታል ብዬ ስለምሰጋ፣ እዚህ እስራኤል ረሆቮት ከተማ ውስጥ በየሳምንቱ ከእናቴ ጋር አስቤዛ የምገዛ ሰው እንደ መሆኔ የታዘብሁትን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ባለፈው ሐሙስ ቀይ ሽንኩርት በሹክ 4 ሸቀል ሲሸጥ፣ ሰፈራችን ባለው ሱፐርማርኬት ኪሎው 6 ሸቀል ከ90 አጎራ ነበር። ሌላው ሰው ሽንኩርት ለሰላጣ አንዲት ሁለት ራስ ቢገዛ ይበቃዋል፤ እኛ ግን ወጥ ሠሪዎች ነን፣ ለሰንበት እንግዳ የሚመጣበት ቤት በሳምንት 5 ኪሎ ይፈጃል። ልዩነቱ በሳምንት 14 ሸቀል ተኩል፣ በአራት ሳምንት 58 ሸቀል ይሆናል ማለት ነው፣ ያውም በሽንኩርት ብቻ። ቲማቲሙም፣ ቃሪያውም፣ ጥቅል ጎመኑም እንደዚሁ ነው። አርብ ከቀትር በኋላ ደግሞ ሰንበት ሊገባ ሲል ሻጩ የተረፈውን ይዞ ማደር ስለማይፈልግ ዋጋውን በእጅጉ ይጥለዋል። እናቴ ግን አርብን አትጠብቅም፤ ሐሙስ ጠዋት ሄዳ ቲማቲሙን አንድ በአንድ እያገላበጠች ትመርጣለች። ሻጩ መዝኖ ሲጨርስ አንድ እስር ድንብላል ይጨምርላታል፣ እሷም ዕቃዋን እንደያዘች «ምርቃቱን አልረሳም» ትለኛለች። ጎንደር ገበያ ምርቃት ሳይጨምር የሚሸኝ ነጋዴ እንዳልነበረ ስትነግረኝ ስንት ዓመቷ ነው!

ጸሐፊው «ሹክ የሚረክሰው ግብር ስለማይከፈልበት ነው» ማለታቸው ግን ትክክል አይደለም። በእስራኤል ሕግ ያልተቀነባበረ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም ሁላችንም ማዓም የምንለው፣ የሚታሰብበት በዜሮ ነው፤ በሹክ ቢሸጥም በሱፐርማርኬት ቢሸጥም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ ማዓም ከ17 ወደ 18 በመቶ ሲያድግም የሽንኩርቱን ሒሳብ አልነካውም። የሹክ ሻጭ የሚያረክሰው ማቀዝቀዣና ማሸጊያ ስለማያስፈልገው፣ ጎሕ ሳይቀድ ከጅምላ ገበያ ያመጣውን በዚያው ቀን ስለሚጨርስ፣ አጠገቡም ሌሎች አሥር ሻጮች ዋጋቸውን በካርቶን ላይ ጽፈው ስለሚጣሩ ነው። ችግሩ ከምንጩ ሲመጣ ሹክም አያድንም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ቱርክ ከእስራኤል ጋር የነበራትን ንግድ ስታቋርጥ፣ በጋዛ አዋሳኝ ያሉ እርሻዎችም በጦርነቱ ተጎድተው ስለነበር፣ ቲማቲም በሁለቱም ቦታ ተወዶ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን።

ወተት፣ እንቁላል፣ ጨውና ተራ ዳቦ መንግሥት የዋጋ ጣሪያ ያበጀላቸው ስለሆኑ እነርሱን ብሎ ሹክ ድረስ መድከም አያስፈልግም። ዘይት፣ ስኳር፣ ፓስታና ዱቄት ደግሞ ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች በብዛት ገዝተው ስለሚሸጡ፣ በተለይ ቅናሽ ሲያወጡ፣ ሹክ ውስጥ ካሉት ትንንሽ ግሮሰሪዎች ይረክሳሉ። ሽንኩርት ረከሰልን ብለን ዘይቱንም እዚያው የምንገዛ ሰዎች በአንድ እጅ ያገኘነውን በሌላው እንመልሳለን።

ከሁሉ ያሳዘነኝን ልንገራችሁ። ከወር በፊት እናቴ ምስር ክክ ለመግዛት በሰፈራችን ወዳለው ሱፐርማርኬት ስትሄድ አብሬያት ሄድሁ። በትልቅ ቢጫ ወረቀት «ሁለት በ15» የሚል ተለጥፎ ስላየች ሁለት ከረጢት አነሣች። ከረጢቱ ግማሽ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ኪሎ 15 ሸቀል ልትከፍል ነበር። ከዚያው መደርደሪያ ግርጌ፣ ጎንበስ ካላሉ በማይታይ ቦታ፣ የአንድ ኪሎው ከረጢት 11 ሸቀል ከ90 ተብሎ ተቀምጧል። ከዋጋው ሥር የ100 ግራሙ ዋጋ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል፤ እናቴ ግን ዕብራይስጡን አታነብም፣ ፊደሉ ቢገባትም ዓይኗ አይደርስበትም። የኪሎውን ይዘን ሒሳብ ልንከፍል ስንቀርብ ደግሞ ማሽኑ 13 ሸቀል ከ90 አለ። ተመልሼ የመደርደሪያውን ዋጋ በስልኬ አነሣሁና ለሒሳብ ተቀባይዋ አሳየኋት፤ እሷም ያለ ክርክር አስተካከለችልን። የሸማቾች ጥበቃ ሕጉም በዕቃው ላይ የተለጠፈው ዋጋ በሒሳብ መክፈያው ከሚጠየቀው ካነሰ፣ ሸማቹ የሚከፍለው የተለጠፈውን ነው ይላል። እናቴ እስከ ቤታችን ድረስ ዝም ብላ መጣችና ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ «ብቻዬን ስመጣ ስንት ጊዜ እንዲህ ከፍዬ ይሆን?» አለች። ለጥያቄዋ መልስ አልነበረኝም።

መኪና የሌላቸው ሽማግሌዎችና እናቶቻችን የሚገዙት በእግራቸው ከሚደርሱበት ሱቅ ነው። አንድ ድርጅት እንኳ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው ትልቅ ቅርንጫፉና በሰፈር ባለው ትንሹ መካከል ለአንዱ ዕቃ ሁለት ዋጋ ያወጣል። ጤፍም ቢሆን በሱፐርማርኬቱ የጤና ምግብ መደርደሪያ በትንሽ ከረጢት ሲሸጥ፣ ኪሎው የወገኖቻችን ሱቅ በጆንያ ከሚሸጠው በጣም እንደሚወደድ አይቻለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2011 ኮቴጅ የሚባለው አይብ ዋጋ ሕዝቡን አስቆጥቶ ብዙ ሰው ላለመግዛት ካደመ በኋላ፣ በ2014 የወጣው የምግብ ውድድር ሕግ ትልልቅ የሱፐርማርኬት ድርጅቶች የየቅርንጫፋቸውን ዋጋ በኢንተርኔት እንዲያወጡ አስገድዷል። መረጃው አለ፤ ነገር ግን በዕብራይስጥ የተጻፈና ኮምፒውተር ለሚያውቅ የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ ጋዜጣችሁ በእያንዳንዱ ዕትም በአንዲት ጠባብ ዓምድ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ምስር ክክ፣ ሽምብራ፣ ዘይት፣ ዶሮና የጤፍ ዱቄት በሹክ፣ በትልቅ ሱፐርማርኬትና በሰፈር ሱቅ በኪሎ ወይም በሊትር ስንት እንደሆኑ ጎላ ባለ ፊደል በአማርኛ እንዲያትምልን በትሕትና እጠይቃለሁ። የረሆቮትን ዋጋ በየሐሙሱ እየመዘገብሁ ለመላክ ፈቃደኛ ነኝ፤ በረምላ፣ በነታንያና በቤር ሼባም እንዲህ የሚያደርጉ ወጣቶች እንደማይጠፉ አምናለሁ። የዚህን ሳምንት ዝርዝር ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬአለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከረሆቮት