ምዕራፍ አራት ላይ ለቆመችው ልጄ

ውድ ልጄ፣

መልእክትሽ ደርሶኛል። ከምትወጂው አኒሜሽን ጀግናዋን ወስደሽ የምትጽፊው ታሪክ ምዕራፍ አራት ላይ ቆሟል፣ የጀግናዋን ስዕል ስትሠሪም ፊቷ ጋ ስትደርሺ እጅሽ እምቢ ብሏል። በስልክ ብናወራ «አይዞሽ» ብዬ እጨርሰው ነበር። አይዞሽ ደግሞ ምዕራፍ አያስጨርስም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

«ሐሳብ አልቆብኛል» ያልሽውን ግን አልቀበልሽም። ስለዚያች ባለ ጠባሳ ጀግናሽ ማውራት ስትጀምሪ ማን ያስቆምሻል? እህቷን ለምን እንደከዳች፣ ጠባሳውን ማን እንዳደረሰባት፣ ደራሲዎቹ ሳይነግሩን ያለፉትን ሁሉ ታውቂያለሽ። ሐሳብማ ሞልቷል። የያዘሽ ፍርሃት ነው ባይ ነኝ፤ ያውም ከፍቅር የመጣ ፍርሃት። ከራስሽ የፈጠርሽውን ሰው ብታበላሺው ማንም አያውቅብሽም። እሷን ግን ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ያውቃታል። አነጋገሯ ትንሽ ከተዛነፈ «እሷ እንዲህ አትልም» የሚል ይመጣል። አፍንጫዋ ትንሽ ከረዘመ ከዋናው ጎን አስቀምጦ የሚያስተያይ አይጠፋም። ሌላው ሰዓሊ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው የሚለካው። ፋን አርት፣ ማለትም የሚወደውን የሌላ ሰው ገጸ ባሕሪ የሚሥል ሰው ግን ገና ሳይጀምር መለኪያው ፊቱ ተደቅኗል።

መለኪያውም ቢሆን ፍርደ ገምድል ነው። አኒሜሽን ሲሠራ ገጸ ባሕሪዋን የሚነድፈው ሌላ፣ ጀርባውን የሚሥለው ሌላ፣ ቀለም የሚቀባው ሌላ ነው። አንቺ ያን ሁሉ ብቻሽን፣ የቤት ሥራሽ ካለቀ በኋላ በምትተርፈው ሰዓት ነው የምትሠሪው። ራስሽን አታወዳድሪ አልልሽም፤ ማወዳደርሽ አይቀርም። ብቻ አንድ ሰው ከብዙ ሰው ጋር እየተወዳደረ መሆኑን እወቂው።

«በሰው ታሪክ ላይ መጻፍ ምን ፈጠራ አለው?» የሚሉሽም አሉ መሰለኝ። ለነሱ መልስ አላጣሽም። አድናቂዎች እንዲህ ያሉ ታሪኮችን የሚለጥፉበት ድረ ገጽ፣ አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ለሳይንስ ልብ ወለድና ለፋንታሲ ሥራዎች የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት ማግኘቱን የነገርሽኝ ራስሽ ነሽ። እኔ ግን ከሽልማቱ ይልቅ የምወደው የእንግሊዞቹን የብሮንቴ ልጆች ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1826 አባታቸው ለወንድ ልጁ ለብራንዌል 12 የእንጨት ወታደሮች ገዛለት። እህቶቹ ሻርሎት፣ ኤሚሊና አን እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ወሰዱ። ሻርሎት የሷን በዘመኑ ዝነኛ በነበረው ጄኔራል ስም ዌሊንግተን አለችው። ብራንዌል ደግሞ የሱን ቦናፓርት። ከዚያ በተዋሷቸው ጀግኖች ዙሪያ የልብ ወለድ አገር ፈጠሩ፣ ለዓመታትም ጻፉለት። መጽሐፎቹ መዳፍ ውስጥ የሚገቡ ጥቃቅን ነበሩ። ጽሕፈቱ ከማነሱ የተነሳ አዋቂ ሰው ያለ ማጉያ መነጽር ይቸገርበታል። እህትማማቾቹ በኋላ ስመ ጥር ደራሲዎች ሆኑ፤ እሱን ለጊዜው ተዪው። እኔን የሚደንቀኝ ትንሽነቱ ነው። አንባቢው አራት ልጅ፣ ገጹ ከመዳፍ ያነሰ። ማን ያስፈራቸዋል?

አንቺም ሥራውን አሳንሺው። ድራብል የምትሉት አለ አይደል? ልክ 100 ቃል ያለው ታሪክ፣ አንድ አይተርፍ፣ አንድ አይጎድል። እዚያ ውስጥ ድንቅ ሥራ ልሥራ ብሎ መጨነቅ አይመችም። ቃል ስትቆጥሪ ጭንቀቱን ትረሺዋለሽ።

አሁን ወደ ምዕራፍ አራት እንምጣ። የላክሽልኝን አንብቤዋለሁ። ጀግናሽና የጉዞ ጓደኛዋ ወደ ወደቡ ከተማ ሲጓዙ ነው። ድንኳን ተከሉ፣ እሳት አነደዱ፣ ተኙ፣ ተነሡ። እውነቱን ንገሪኝ፣ ይህን መጻፍ ፈልገሽ ነው? ወይስ ለመድረስ የግድ መሄድ አለባቸው ብለሽ? አንቺን ያሰለቸ አንባቢውንም ያሰለቻል። «በሦስተኛው ቀን ደረሱ» ብለሽ እለፊው። ከመጀመሪያውም ልብሽ ያለው እህቷን ወደቡ ላይ የምታገኝበት ቦታ ላይ ነው። እሱን አሁኑኑ ጻፊው። ምዕራፍ ሰባት ቢሆንስ ምን ችግር አለው? መንገዱ ያስፈልግ አያስፈልግ እንደሆነ ኋላ ይታያል።

እሱም ካልሠራ ወደ ምዕራፍ ሦስት ተመለሺ። ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከቆመበት ቦታ ቀደም ብሎ ነው። እዚያ ጀግናሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር «እሺ፣ አብሬህ እሄዳለሁ» ትላለች። ማንንም የማታምን ሴት እንዴት ቶሎ እሺ አለች? የማትለውን አስብለሻት ይሆናል፤ ለዚህ ይሆናል ቀጥሎ ያኮረፈችሽ። እስቲ እምቢ አስብያት። ከዚያ እምቢ ብላም እንድትሄድ የሚያስገድዳትን ነገር ፈልጊ። እሱ ራሱ አንድ ምዕራፍ ሊወጣው ይችላል።

የስዕሉ ነገር ቀለል ይላል። ከፊት አትጀምሪ። ታብሌቱ ላይ አንድ ዓይን አጉልተሽ ስትሥዪ፣ ስታጠፊ፣ እንደገና ስትሥዪ አይቻለሁ። የሚያደርቅሽ እሱ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ፤ እስክሪብቶ ማጥፊያ የለውም፣ ዝም ብሎ ወደፊት ነው። የስልክሽን ሰዓት ቆጣሪ 30 ሴኮንድ ላይ፣ ግፋ ቢል አንድ ደቂቃ ላይ አድርጊና የሰውነቷን አቋም ብቻ ንደፊ። ስትሮጥ፣ ስትቀመጥ፣ ተናዳ ዞር ስትል። ፊት የለ፣ ጣት የለ። ገጹ ሲሞላ፣ ከትከሻዋ ብቻ እሷነቷ የሚለይበት አንድ ንድፍ አይጠፋም። ትልቁን ስዕል ከሱ ጀምሪ። ፊቷ ጋ ስትደርሺ ደግሞ ስዕሉን እንደ መስታወት ግራና ቀኙን ገልብጠሽ እዪው። ዓይንሽ የለመደው ስሕተት ወዲያው ፍጥጥ ብሎ ይታያል። የሌላ ሰዓሊ አሣሣል ተከትሎ መለማመድም ነውር የለውም። ከለጠፍሽው የማንን እንደተከተልሽ ጻፊ፣ አለቀ።

ስለ ላይክና ኮሜንት ብዙ አልልም። «ቀጣዩ መቼ ነው?» የሚሉሽ ሰዎች ወደውት ነው፤ ግን ዕዳ የለብሽም። ማንም አልከፈለሽም። ካስጨነቀሽ ታሪኩን ጨርሰሽ እስክትይዢው ድረስ አትለጥፊ። ፍቅሩ ቀዝቅዞብሽ ከሆነም ተዪው፣ ሌላ የምትወጂው ይመጣል። ብቻ ስዕሉ ብቻ ሳይሆን ምግቡም እንቅልፉም ጓደኞችሽም ካስጠሉሽ፣ ያ የስዕል ጉዳይ አይደለም። ያኔ በማንኛውም ሰዓት ደውዪልኝ።

አንድ የቀረኝ አለ። የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር ስለ ትሮይ ጦርነት ሲተርክ ኤኒያስ ከትሮይ ተዋጊዎች አንዱ ነው እንጂ ዋናው ሰው አይደለም። የሮማው ባለቅኔ ቨርጂል እሱን መዝዞ አወጣውና ከተማዋ ከወደቀች በኋላ ያለውን ጉዞ ጻፈለት። ዋናዎቹን ሰዎች ሁሉም ያያቸዋል፣ ሁሉም ይለካቸዋል። ዳር የቆመውን ግን ማንም «እሱ እንዲህ አይልም» አይልሽም። ስለዚህ ምዕራፍ አራትን ለጊዜው አልጠይቅሽም። ለጀግናሽ ቁልፉን ሰጥቷት ከዚያ ወዲያ ብቅ ያላለው በር ጠባቂ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ሲነጋ አለቃው ምን ብሎ ጠየቀው? ምንስ መለሰ? በ100 ቃል ጻፊልኝ። የፊደል ግድፈት ምናምን አትልቀሚ፣ እንዳለ ላኪው።

እናትሽ