ለ5ኛ እና ለ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች፦ በቤት ስለሚሠራው ባለ ሁለት ቀለም የኪሮሽ ጌጥ

ደሴ
ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ልጆቻችሁ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የጀመሩትን ኪሮሽ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ወደ ቤት ይዘው ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ ተማሪም በገና ዛፍ ላይ ሊንጠለጠል የሚችል፣ ከሁለት ቀለም ክር የተሠራ አንድ ድቡልቡል ጌጥ እስከ ዓርብ ታኅሣሥ 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ሠርቶ እንዲያቀርብ ይጠበቃል። ጉዳዩ ይህን ማሳወቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ በመገናኛ ደብተር ላይ የሚጻፍ ሁለት መስመር ይበቃ ነበር። ይህን ያህል የምጽፍላችሁ ሥራው በልጁ እጅ ተጀምሮ በልጁ እጅ እንዲያልቅ ትዕግሥታችሁን ለመለመን ነው።

ባለፈው ዓመት ይህንኑ ሥራ ሰጥተን የመጡልንን ጌጦች በቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ላይ በገመድ ስንሰቅላቸው ብዙዎቹ ከሱቅ የተገዙ እስኪመስሉ ድረስ ያማሩ ነበሩ። ደስ ብሎኝ ከባለቤቶቹ አንዱን ጠራሁና «እስቲ አንድ ዙር ጨምርበት» ብለው፣ መርፌው በየትኛው ጫፉ እንደሚያዝ እንኳ ግራ ስለገባው አንገቱን ደፍቶ «አክስቴ ናት» አለኝ። ልጁን አልተቆጣሁትም፤ አክስቱንም አልወቅሳትም፤ የሚወዱት ልጅ ክር ተወሳስቦበት ሊያለቅስ ሲደርስ ዝም ብሎ ማየት ለማንም ዘመድ ከባድ ነው። ይሁን እንጂ የዚያን ጊዜ ማርክ የሰጠነው ለአክስቱ ነበር።

ከጥቂት አባቶች ደግሞ ሌላ ቅሬታ ደርሶኛል፤ ወንድ ልጅ ኪሮሽ ይዞ መቀመጡ አልተዋጠላቸውም። ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ድረስ በየበረንዳው ከስፌት መኪና ጀርባ የሚቀመጠው ልብስ ሰፊ፣ ጥለቱን ከነጠላው ጋር አስማምቶ የሚያወጣው ሸማኔ በአብዛኛው ወንድ መሆኑን እነዚሁ አባቶች ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ክር በአገራችን የወንዱም የሴቷም እንጀራ ሆኖ የኖረ ነገር ስለሆነ ሥራውን ለሴቶች ብቻ የምንሰጥበት ምክንያት አይታየኝም። እኔ ራሴ፣ እናቴ ሬዲዮኑን ሳይቀር ዳንቴል በምታለብስበት ቤት ያደግሁ ሰው፣ መርፌውን የያዝሁት ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። ድቡልቡል ይሆናል ብዬ የጀመርሁት የመጀመሪያ ሥራዬ እንደ እንዝርት ሾጥጦ ቀርቶ አሁንም ቢሮዬ መደርደሪያ ላይ ይገኛል፤ ማየት የሚፈልግ ይምጣና ይሳቅበት።

አዲስ ክር መግዛት ግዴታ አይደለም። አንድ ጌጥ የሚፈጀው ክር በጣም ጥቂት በመሆኑ ያረጀ ወይም ከቦንዳ በርካሽ የተገዛ ሹራብ እጅጌው ብቻ ቢተረተር ይተርፋል። የተተረተረ ክር ግን የለመደውን የቀለበት ቅርጽ ይዞ የተጠቀለለ ስለሚሆን እንደዚያው ከተሠራበት ሥራው ይጎረብጣል፤ ስለዚህ በወንበር መደገፊያ ላይ ተጠምጥሞ፣ እንዳይወሳሰብ በሦስት ወይም በአራት ቦታ ላላ ተደርጎ ታስሮ፣ ለብ ባለ ውኃ ከተነከረ በኋላ ሳይጨመቅ ተሰቅሎ ይድረቅ። ሁለቱ ክሮች ውፍረታቸው እኩል፣ ቀለማቸው ደግሞ ከርቀት የሚለይ ይሁን፤ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር በማታ መብራት አንድ ናቸው። ቀይ ከነጭ ጋር የመረጠ ልጅ ቀዩን ክር አርጥቦ በነጭ ጨርቅ መሐል ይጫነው፤ ጨርቁ ከቀላ ቀለሙ ይለቃልና ለቅቆ እስኪያበቃ ድረስ ለብቻው ደጋግሞ ማጠብ፣ ወይም ሌላ ክር መምረጥ ያስፈልጋል። መርፌውን በተመለከተ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነውን ትምህርት ቤቱ በውሰት ስለሚሰጥ መግዛት አያሻም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ እዚህ ላይ ረዘም ብል ይቅርታ አድርጉልኝ። ዓይን የምለው መርፌው ክሩን ስቦ የሚቋጥራትን እያንዳንዷን ቀለበት ነው። ድቡልቡሉ ከመካከል ተነሥቶ በ6 ዓይን ይጀመራል፤ በሁለተኛው ዙር በእያንዳንዱ ዓይን ላይ ሁለት ሁለት ተደርጎ 12 ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በየዙሩ 6 እየተጨመረ 18፣ 24፣ 30፣ በመጨረሻም 36 ይደርሳል። በ36 ላይ ሳይጨመርና ሳይቀነስ 6 ዙር ይሠራል፤ ጥለቱ የሚያርፈውም በዚህ ወገብ ላይ ነው። ከዚያም ሁለት ዓይን እንደ አንድ እየተቋጠረ በመጣበት መንገድ ወደ 6 ይመለሳል። 36 የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ9 እና ለ12 ያለ ቀሪ የሚካፈል ቁጥር በመሆኑ በእነዚህ ቁጥሮች የሚደጋገም ማንኛውም ጥለት ዙሩን ሳይፋለስ ይገጥማል። አምስት ዓይን የሚፈጅ ጥለት የመረጠ ልጅ ሰባት ጊዜ ደግሞት አንድ ዓይን ይተርፈዋል። እባካችሁ ይህን ቀድማችሁ አትንገሩት፤ የሒሳብ መምህሩ ያችን አንዲት ትርፍ ዓይን በጉጉት እየጠበቃት ነው።

ሁለቱን ቀለሞች አብሮ የማስኬዱ ነገር ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ቢመስልም ሰፌድና ሙዳይ የምትሰፋ አያት ባለችበት የወሎ ቤት ሁሉ የታወቀ ነው። ስፌት ከእምብርቱ ተነሥቶ ዙር በዙር እየሰፋ ይሄዳል፤ ከውስጥ የሚያልፈውን ሣር አለላው እየተጠቀለለ ይሸፍነዋል፤ ቀዩ አለላ ድርሻውን ሲጨርስ አረንጓዴው ይረከባል። በኪሮሹም ተራው ያልደረሰው ክር ተቆርጦ አይጣልም፤ በታችኛው ዙር አናት ላይ ተኝቶ፣ ሌላኛው ቀለም በላዩ ላይ እየተቋጠረበት፣ ልክ በስፌቱ ውስጥ እንዳለው ሣር ተሸፍኖ ይጓዛል፤ ተራው ሲደርስ ካለበት ብቅ ይላል። እንዲህ ያለች አያት ያላችሁ ቤተሰቦች መርፌውን ሳይሆን ሰፌዷን ለልጁ እንድታሳየው ብትጠይቁልኝ ደስ ይለኛል፤ ጥለት እንዴት እንደሚቆጠር ከእሷ የተሻለ የሚያስረዳ መምህር የለኝም።

ልጆቹ አዘውትረው የሚሳሳቱት ቀለም በሚለወጥበት ቦታ ላይ ነው። አዲሱ ቀለም መግባት ያለበት አዲሱ ዓይን ሲጀመር ሳይሆን ከእርሱ በፊት ያለው ዓይን በሚዘጋበት የመጨረሻ ስበት ላይ ነው፤ አንዲት ስበት ከዘገየ ቀዩ ዓይን ነጭ ቆብ ደፍቶ ይወጣል፣ ጥለቱም የተበላ ይመስላል። ሁለተኛው ችግር ተሸፍኖ የሚጓዘውን ክር አጥብቆ መሳብ ነው፤ ሲጠብቅ ወገቡ ይኮማተራል፣ ሲላላ ደግሞ በዓይኖቹ መካከል እየሾለከ ይታያል። ከዚህ ሌላ፣ በዙር የሚሠራ ኪሮሽ እያንዳንዱ ዓይን ከታችኛው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ በቀኝ እጅ ለሚሠራ ሰው ጥለቱ ወደ ቀኝ ይዘማል። ይህ የልጁ ጥፋት አይደለምና «አጣመምከው» አትበሉት። ቀጥ ያለ መስመር ከመሞከር ይልቅ ደረጃ ወይም ሰያፍ የሆነ ጥለት ቢመርጥ መዝመሙ አያስታውቅም። ጥለቱንም አስቀድሞ በባለ ካሬ ወረቀት ላይ በቀለም ይሣለው፤ ሲሠራ ከታች ወደ ላይ፣ በየመስመሩም ከቀኝ ወደ ግራ እንዲያነብበው ግን አደራ፤ እንደ ፊደላችን ከግራ ጀምሮ ካነበበው ሥዕሉ ተገልብጦ ይወጣል።

ግራኝ የሆነ ልጅ በግራው ይሥራ። ለእርሱ ወረቀቱ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፣ ጥለቱም ወደ ግራ ይዘማል፤ ከዚህ በቀር ልዩነት የለውም። መርፌውን ወደ ቀኝ እጁ እንዲያዛውር አስገድዳችሁት ሥራውን የጠላ ልጅ ከአንድም ሁለት አጋጥሞኛል።

ኪሮሽን ከሌሎች የእጅ ሥራዎች መርጠን ለልጆች የሰጠነው የተሳሳተው ያለ ኪሳራ ስለሚፈታ ነው። የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም፤ የተሰነጠቀ እንጨትም እንደዚያው፤ ክር ግን ተስቦ ተፈትቶ እንደገና ይሠራል። እንግዲህ ከእናንተ የምፈልገው እርዳታ ከልጁ አጠገብ ተቀምጣችሁ የዙሩን ዓይን አብራችሁ መቁጠር፣ ቁጥሩ ሲጎድልም የቱ ጋ እንደ ጎደለ እንዲፈልግ መጠየቅ ነው፤ መፍታቱንም ሆነ መልሶ መሥራቱን ለእርሱ ተዉለት። የታኅሣሥ ብርድ ጣት እንደሚያደነዝዝ ስለማውቅ ማታ ማታ ከሚሠራ ቅዳሜና እሑድ ረፋድ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ቢሠራ እመርጣለሁ፤ መብራት ሲጠፋ በሻማ ብርሃን ቀለም መቁጠር ዐይን ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም።

በዓሉን በተመለከተ በግልጽ መናገር ይገባኛል። ትምህርት ቤታችን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጆች አብረው የሚማሩበት ነው፤ ይህ ሥራም የሚመዘነው በእጅ ሥራነቱ እንጂ በበዓል ማክበሪያነቱ አይደለም። ገናን የማያከብር ቤተሰብ ልጅ ያንኑ ድቡልቡል ለቁልፍ ማንጠልጠያ ወይም ለመጋረጃ ማሰሪያ ሊያደርገው ይችላል። ከዚህም አልፎ፣ በኪሮሽ የሚሠራ ኮፍያ አጀማመሩ ከዚህ ጌጥ ጋር አንድ ነው፤ ከአናቱ በጥቂት ዓይን ተነሥቶ ዙር በዙር እየሰፋ ይሄድና ጭንቅላቱን ሲያክል ጭማሪው ይቆማል። ለታናሽ ወንድሙ ባለ ሁለት ቀለም ኮፍያ መሥራት የሚፈልግ ተማሪ ይህን ቢያቀርብ በእኩል ማርክ እንቀበለዋለን፤ ሥራው ስለሚበዛበት አንድ ሳምንት ተጨማሪ ጊዜ እንሰጠዋለን።

ዛፉንም በሚመለከት አንድ ነገር አለኝ። የገና ዛፍ ከጀርመን አገር የተነሣ ልማድ ነው፤ በዚያ ቀደም ባለው ጊዜ ፖም ይሰቀልበት ነበር፤ የመስተዋት ድቡልቡል የተተካው ኋላ ነው። የእኛ ገና የራሱ ጨዋታና የራሱ ዜማ ያለው፣ በዚሁ በወሎ ምድር በላሊበላ በቤዛ ኩሉ የሚከበር በዓል በመሆኑ ዛፍ ያልቆመበት ቤት የጎደለው ነገር እንዳለ ልጆች እንዲያስቡ አልፈልግም። ዛፍ የምታቆሙ ግን ለዚህ ብላችሁ ጥድ አትቁረጡ። የሐበሻ ጥድ ለማደግ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ዛፍ ሲሆን፣ ባለፈው ዓመት ከግቢያችን አጥር ዳር ካሉት የአንዱ ጫፍ በአንድ ሌሊት ተቆርጦ አድሮ አዝነናል። ከባሕር ዛፍ የወደቀ ደረቅ ቅርንጫፍ በጣሳ አሸዋ ላይ ቢተከል አንድ ጌጥ ቀርቶ አሥርም ይሸከማል፤ በግድግዳ ላይ የተዘረጋ ገመድም ያው ነው።

ድቡልቡሉ ሲቀንስ 18 ዓይን ላይ እንደ ደረሰ አፉ ሳይጠብ ይሞላ። መሙያው የክር ቁርጥራጭ ወይም የተቀደደ ሹራብ ይሁን፤ ባቄላ፣ ሩዝ ወይም ሌላ እህል ነቀዝ ስለሚያወጣ አንቀበልም። ዳንቴል በስኳር ውኃ የማድረቅ ልማድ ያላችሁ እናቶች ለዚህኛው እንዳትጠቀሙበት እለምናችኋለሁ፤ ተሞልቶ ቅርጹን ስለሚይዝ አያስፈልገውም፤ ከዚያም በላይ ያለፈው ዓመት የቤተ መጻሕፍቱን መስኮት ጉንዳን ወርሶት ነበር። ሰው ሠራሽ ክር በሙቀት ስለሚቀልጥ ካውያ አይነካው፤ ጌጡም ከሻማ፣ ከጧፍና ከሚግል አምፖል ራቅ ብሎ ይሰቀል።

ሥራውን ራሳቸው ማየት ለሚፈልጉ ወላጆች ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት በእጅ ሥራ ክፍል ውስጥ ከመምህሯ ጋር እንጠብቃችኋለን፤ አባቶች በተለይ ብትመጡ ወንበር አዘጋጅቻለሁ። ልጁ ጌጡን ሲያመጣ ጥለቱን የሣለበትን ወረቀት አብሮ ያቅርብ፤ ተሳስቶ የፈታው ካለም ስንት ዙር እንደ ፈታ በወረቀቱ ጀርባ ላይ በራሱ እጅ ይጻፍበት፤ ለዚህም ማርክ አለው። መምህሯ ከማርኩ በፊት እያንዳንዱን ተማሪ በፊቷ ጥቂት ዓይን ታሠራዋለች። ጌጦቹ በቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ላይ ከቆዩ በኋላ ዓርብ ታኅሣሥ 24 ቀን ለባለቤቶቻቸው ስለሚመለሱ ለበዓሉ ቤታችሁ ይደርሳሉ። በውሰት የተሰጠው መርፌም በዚያው ዕለት ይመለስ።

ከሰላምታ ጋር

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር

ግልባጭ፦
ለ5ኛ እና ለ6ኛ ክፍል ኃላፊ መምህራን
ለእጅ ሥራ መምህርት