የፍለጋው መንገድም ይመዝገብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ወሎ ውስጥ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪዎችን የማስተምርና የመመረቂያ ጽሑፍ የማማክር መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ተማሪዎቻችን በቡድን ሆነው ኢንተርኔት ላይ መረጃ የሚፈልጉበት ልማድ ስለሚያሳስበኝና፣ ጥቂት ብናስተካክለው ብዙ ድካም እንደሚቀንስላቸው በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ተማሪዎቻችን አብሮ መፈለግን ከእኛ እስኪማሩ አልጠበቁም። ማታ ማታ በየዶርሙ አምስት ስድስት ልጆች ፓኬጅ የገዛውን ጓደኛቸውን ከበው ሲቀመጡ፣ እሱም በሆትስፖት ሲያካፍላቸው፣ ያገኙትንም ፋይል በቴሌግራም ግሩፓቸው ሲለቁ ማየት የተለመደ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የሚጋሩት ነገር ነው። ግሩፑ ውስጥ የሚገባው ፋይሉ ብቻ ነው፤ ማን እንዳገኘው፣ በየትኛው ቃል ፈልጎ እንዳገኘው፣ ከየት እንዳወረደው፣ ከዚያ በፊት ስንት ቃል ሞክሮ ባዶ እጁን እንደተመለሰ አይጻፍም። በዚህ ምክንያት አንዱ ሞክሮ ያጣውን ሌላው እንደ አዲስ ይሞክረዋል፤ ምንጩ የማይታወቅ ፋይልም ከባች ወደ ባች ሲወርድ ይኖራል።

ባለፈው ዓመት አምስት የውኃ ምሕንድስና ተማሪዎች ስለ ኮምቦልቻ ወንዞች ብክለት ለመጻፍ ርዕስ ካስጸደቁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ቢሮዬ መጥተው «ቲቸር፣ በዚህ ርዕስ የተሠራ ነገር የለም» አሉኝ። የከተማዋን የፋብሪካ ፍሳሽ የሚቀበሉት የሌዮሌና የወርቃ ወንዞች፣ እነሱ የሚገቡበት ቦርከናም ጭምር፣ ተመራማሪዎች ናሙና ሲወስዱባቸው የኖሩ ወንዞች መሆናቸውን ስለማውቅ ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። ስልካቸውን አውጥተው የፍለጋ ታሪካቸውን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው። አምስቱም በተለያየ ቀን ከሞላ ጎደል አንዱኑ ሐረግ ጽፈዋል፤ አምስቱም የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አንብበው ዘግተዋል። አምስት ሰው አንዱን ሥራ አምስት ጊዜ ሠርቶት፣ አንዳቸውም ሌላው የት እንደደረሰ አያውቁም ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋንና የቦታ ስሞቹን በላቲን ፊደል በስንት መንገድ መጻፍ እንደሚቻል መዘርዘር ጀመርን። ኮምቦልቻ በኬም በሲም ይጀመራል። ቦርከና በአንድ ኤንም በሁለት ኤንም ይጻፋል። ወርቃን ገሚሱ በኦ፣ ገሚሱ በኢ ይጽፈዋል። ስሞቹን ተከፋፈሉ፤ አንደኛዋ ተማሪ ደግሞ የከተማዋን ስም ትታ በወንዞቹ ስም ብቻ እንድትፈልግ ተስማሙ። ሳይመሽ ስለ ከባድ ብረቶች፣ ስለ ናይትሮጅንና ስለ ፎስፎረስ በእነዚያው ወንዞች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እጃቸው ገቡ። ከመካከላቸው በጣም የጠቀማቸውን ያገኘችው በሌዮሌ ስም የፈለገችው ልጅ ነበረች፤ ሌሎቹ አራቱ የወንዙን ስም ለብቻው ጽፎ መፈለግ ፈጽሞ አልታሰባቸውም ነበር።

ይህ የስም አጻጻፍ ጉዳይ በእኛ አካባቢ ከሌላው ይልቅ ስለሚከብድ ጥቂት ልቆይበት። ወሎ ራሱ በላቲን ፊደል በኦም፣ በኢም፣ በኤም ተጽፎ ይገኛል። ደሴ በአንድ ኤስም በሁለት ኤስም፣ መጨረሻው ላይ አይ ተጨምሮበትም ሳይጨመርበትም ይጻፋል። ሐይቅን አንዱ ጸሐፊ በኬ ሲጨርሰው ሌላው በኪው ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ታሪክ የሚያጠና ተማሪ በአንዱ አጻጻፍ ብቻ ከፈለገ የጥናቱን እኩሌታ ሳያይ ይቀራል። በአማርኛ ሲፈለግ ደግሞ ረሃብ፣ ረሀብ፣ ርሃብና ራብ አራት የተለያዩ ቃላት ይሆናሉ። የዘመን አቆጣጠሩም አለ፤ እኛ የ1966ቱ የወሎ ረሃብ የምንለው በውጭ ቋንቋ በተጻፉት ሥራዎች ውስጥ የሚገኘው በ1973 ወይም በ1974 ነው። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ብቻውን አስታውሶ አይጨርሰውም። አምስት ሰዎች ተከፋፍለው፣ የሞከሩትን እየጻፉ ቢፈልጉ ግን በአንድ ምሽት ይዳረሳል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የማይክሮሶፍት ምርምር ክፍል ባልደረቦች የነበሩት ሜሬዲት ሞሪስና ኤሪክ ሆርቪትዝ ሰርች ቱጌዘር የተባለ የሙከራ መሣሪያ ይዘው ቀርበው ነበር። በዚያ መሣሪያ አብረው የሚፈልጉ ሰዎች አንዳቸው የጻፉትን የፍለጋ ቃል ሌላቸው ያያል፤ የፍለጋው ውጤት ለአባላቱ ተከፋፍሎ ሊሰጥ ይችላል፤ አንድ ገጽ ላይ የደረሰ ሰው ገጹ ይጠቅም እንደሆነ አስተያየቱን ትቶ ያልፋል። መሣሪያው ተማሪዎቻችን ዘንድ ባይደርስም፣ ዋናውን ሐሳብ ዛሬ በእጃችን ባለው ነገር መፈጸም ይቻላል። እኔ ከተማሪዎቼ ጋር የምጠቀመው በጉግል የጋራ ሰንጠረዥ ሲሆን አምዶቹም ቀን፣ የፈላጊው ስም፣ የተጻፈው ቃል በሙሉ፣ የተፈለገበት ቦታ፣ የተገኘው ነገር ናቸው። ምንም ካልተገኘም «አልተገኘም» ተብሎ ይጻፋል፤ እኔ ከሁሉ አጥብቄ የምጠይቀውም ይህንኑ ነው። የተገኙት ጽሑፎች ዞቴሮ በተባለው ነፃ ፕሮግራም የጋራ መዝገብ ውስጥ ከነደራሲያቸውና ከነዓመታቸው ይቀመጣሉ። ነፃው የፋይል ማስቀመጫ 300 ሜጋባይት ነው፤ ለአንድ ቡድን የመመረቂያ ጽሑፍ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ እንዴት ይሆናል የሚል ጥያቄ ከባልደረቦቼ ይነሳል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ሲዘረፍና ሲወድም፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የተቀመጠ ሥራ ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። እኔ ከዚያ ጊዜ የተማርኩት መዝገቡ የበለጠ የሚያስፈልገው ግንኙነት በሌለበት ጊዜ መሆኑን ነው። የሚፈልጉትን ቃል አስቀድመው ደብተር ላይ ጽፈው የተከፋፈሉ ተማሪዎች ግንኙነት በተገኘች ጥቂት ሰዓት ውስጥ ሥራቸውን ይጨርሳሉ፤ ያልጻፉት ግን ያችን ሰዓት ምን ልፈልግ እያሉ ያሳልፏታል። ዞቴሮም ላፕቶፑ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ መስመር ሲመጣ ከጓደኞቹ መዝገብ ጋር ይገናኛል።

ሌላው የሚነሳው ሥጋት የቡድን ሥራ ስም ለማስጻፍ ብቻ የሚውል ነው የሚል ነው። አንድ ተማሪ ሠርቶ አምስት ስም እንደሚሰፍር ሁላችንም እናውቃለን፤ የአንድ ለአምስቱ አደረጃጀትም በብዙ ክፍሎች ውስጥ የስም ዝርዝር ሆኖ መቅረቱን አልረሳሁም። ነገር ግን የፍለጋ መዝገቡ ለዚህ መድኃኒት ሆኖኛል። በእኛ አገር የቅሬ፣ ማለትም የእድር፣ ጸሐፊ ማን ለቀብር እንደወጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን እንጨት እንዳመጣ ሳይቀር ይመዘግባል፤ የቀረ ሰው መቅረቱ ስለሚታወቅ ቅሬው ይጸናል። የተማሪዎቹም ሰንጠረዥ እንዲሁ ነው። ስሙ አንድም መስመር ላይ የሌለ ልጅ ምንም ሳልናገረው በሁለተኛው ሳምንት መፈለግ ሲጀምር አይቻለሁ።

አሁን ደግሞ ተማሪው ጥያቄውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት አቅርቦ የሚመለስለትን የምንጭ ዝርዝር እንዳለ ይገለብጣል። በዝርዝሩ ውስጥ ያልተጻፈ ጥናት እንደተጻፈ ሆኖ ሊገባ ይችላል፤ በምመለከታቸው ረቂቆች ውስጥ ደጋግሞ አጋጥሞኛል። መዝገብ ያለው ቡድን ግን እያንዳንዱ ጽሑፍ የተገኘበትን ቦታ ስለሚያሳይ እንዲህ ያለው ነገር ወዲያው ይታወቃል።

የትምህርት ክፍሎቻችንን የምጠይቀው እንግዲህ ይህን ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቅ ሲቀርብ የቡድኑ የፍለጋ መዝገብ አባሪ ሆኖ ይቅረብ፤ ከውጤቱም ጥቂት ነጥብ ይያዝለት። አንደኛ ዓመት ላይ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎቻችን ሁለት ክፍለ ጊዜ ተሰጥቷቸው አብሮ መፈለግን በተግባር ያሳዩ። እግረ መንገዳቸውንም ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው መርሐ ግብር ሥር እንደ ሂናሪ ያሉት አገልግሎቶች ለእኛ ዓይነት አገሮች ተቋማት የሚከፍቷቸውን የሕክምናና የሌሎች ዘርፎች መጽሔቶች፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻም ያስተዋውቋቸው፤ አራተኛ ዓመት ደርሰው እነዚህን ሰምተው የማያውቁ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ያለፈው ባች መዝገብም ለሚቀጥለው ይተላለፍ። የእነዚያ አምስት ልጆች ሰንጠረዥ አሁንም እኔ ዘንድ አለ፤ ዘንድሮ ስለ ቦርከና ለሚጽፉት ተማሪዎች የሰጠኋቸው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው፣ «አልተገኘም» የሚሉት መስመሮች ሁሉ እንዳሉበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ከወሎ