በስፒትፋየሩ ጭራ ላይ የነበረችው ሥራ ላይ ነበረች

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ የዓለም አስገራሚ ወሬዎች በሚወጡበት ገጽ ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አነበብኩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንዲት እንግሊዛዊት ሴት ስፒትፋየር የተባለ ተዋጊ አውሮፕላን ጭራ ላይ እንዳለች አውሮፕላኑ ይዟት ተነሳ ይላል። ታሪኩ እውነት ነው። ጸሐፊያችሁ ግን «ለጨዋታ ወጥታ» ብሎ ነው የጻፈው። የአብራሪው ስም አለ፣ የእሷ የለም። ባለቤቴም አንብባው «ይቺስ የለየላት ናት» ብላ ሳቀች። እኔን አላሳቀኝም። ጉልበቴን የጨረስኩት ደብረ ዘይት፣ አየር ኃይል ውስጥ፣ አውሮፕላን ሥር ነው።

ሴትዮዋ ማርጋሬት ሆርተን ትባላለች። የብሪታንያ የሴቶች ረዳት አየር ኃይል አባል ነበረች። ሥራዋ የአውሮፕላን ጥገና ነው። ቦታው ሊንከንሻየር ውስጥ ሂባልድስቶው የሚባል የአየር ኃይል ጣቢያ፣ ጊዜው ፌብሩዋሪ 1945 እ.ኤ.አ. ነው። ጭራው ላይ የወጣችው ለሥራ ነው፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ስፒትፋየር ሁለት ጎማ ከፊት፣ አንዲት ትንሽ ጎማ ደግሞ ከጭራው ሥር አለው። አፍንጫው ላይ ያ ከባድ የመርሊን ሞተር ተጭኗል። የፊቶቹ ጎማዎችም በጣም የተቀራረቡ ናቸው። ነፋስ በበረታ ቀን መሬት ላይ ሲሄድ ጭራው ብድግ ካለ በአፍንጫው ይደፋል። ፕሮፔለሩ እየዞረ መሬት ከመታ እሱም አለቀለት፣ ሞተሩም ጉዳት አያጣውም። ስለዚህ አንድ መካኒክ ጭራው ላይ ይቀመጥበታል ወይም ይተኛበታል። የሚፈለገው ክብደቱ ነው። ማኮብኮቢያው ጫፍ ሲደርሱ አብራሪው ቆም ይላል፣ መካኒኩ ዘሎ ይወርዳል፣ አውሮፕላኑ ይነሳል። ነፋስ ባለ ቀን የተለመደ ሥራ ነበር።

ያን ቀን ኒል ኮክስ የተባለው አብራሪ ሰው አሁንም ጭራው ላይ እንዳለ አላወቀም። ስፒትፋየር መሬት ላይ ሳለ አፍንጫው ወደ ሰማይ ስለሚያይ አብራሪው ፊት ለፊቱን እንኳ በደንብ አያይም። የኋላውንማ ተዉት። ሙሉ ጉልበት ሰጥቶት ተነሳ። ሆርተን ጭራው ላይ ልጥፍ ብላ ቀረች። ክብደቷ ጭራውን ቁልቁል ይጎትታል። እጇ ደግሞ የያዘው አውሮፕላኑን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዘውን ክፍል፣ ኤሌቬተሩን ነው። አስቡት፤ አብራሪው ከፊት ሆኖ የሚያዘውን ክፍል ሌላ ሰው ከኋላ ጨብጦታል! አለመከስከሳቸው ተአምር ነው።

እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን ከመሬት የተደረገው ነው። በሬዲዮ ዞረህ ቶሎ ውረድ አሉት እንጂ ምክንያቱን አልነገሩትም። ይህን የወሰነው ሰው ብልህ ነበር። ጭራህ ላይ ሰው አለ ቢሉት ይደነግጣል። ለእሷ አዝኖ ፍጥነት ልቀንስ ቢል ደግሞ አውሮፕላኑ አየር ላይ መቆም ያቅተዋል፤ ያኔ ሁለቱም አለቁ። ኮክስ አንድ ዙር ዞሮ አረፈ። እሷም በሕይወት ወረደች።

የምንስቀውም ስለተረፈች ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳን ዲየጎ አጠገብ፣ አክሮን የተባለውን ትልቅ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የአየር መርከብ ለማሰር ወጣት ባሕርተኞች ገመድ ይዘው ነበር። ጦርነት አልነበረም፣ ሥራው ግን ያው ነው። ፀሐይ መርከቡን አየር ላይ የሚይዘውን ጋዝ፣ ሂሊየሙን አሞቀችው፣ መርከቡ ቀለለና ሽቅብ ተነሳ። አብዛኞቹ ለቀቁ፣ ሦስቱ ተንጠልጥለው ወደ ላይ ሄዱ። ሁለቱ ወድቀው ሞቱ። ቻርለስ ካዋርት የተባለው ግን ገመዱን ሙጭጭ ብሎ ይዞ ቆይቶ ወደ መርከቡ ተጎትቶ ገባ። መሬት ላይ የሚሠራ ሰው ያዝ ሲሉት ይይዛል። ልቀቅ ወይም ውረድ የሚለው ምልክት በጊዜው ካልደረሰው ጥፋቱ የእሱ ነው?

በእኛ ጊዜ ኤፍ-5 የሚባለው ተዋጊ ጄት ነበር። አፍንጫው ሥር ጎማ ስላለው ጭራ የሚጫንለት ሰው አይፈልግም። የእኛ ፍርሃት ሰው የሚስበው የሞተሩ አየር ማስገቢያ ነበር። የኦጋዴን ጦርነት ጊዜ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይነሳል። ነዳጅ ሙላ፣ ቦምብ ስቀል፣ ፒን ንቀል፣ ሁሉም ሩጫ ነው። ቢሆንም ከፊት የቆመው ቴክኒሻን አውራ ጣቱን ካላሳየ አውሮፕላኑ ንቅንቅ አይልም፤ ኮሎኔልም ይሁን ማንም ውስጥ ይቀመጥ። የጀኔራል ለገሠ ተፈራን ስም አገር ያውቀዋል፣ ይገባቸዋልም። አውሮፕላናቸውን አዘጋጅቶ ያስረከበውን ሰው ስም ግን የጻፈ ጋዜጣ አይቼ አላውቅም። መሬት የቀረ ሰው ስሙ አይጻፍም ብለን ለምደነዋል። ሆርተን ግን መሬት እንኳ አልቀረችም!

አውሮፕላኑም ዛሬ ድረስ አለ። ቁጥሩ ኤቢ 910 ነው። በ1941 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ኖርማንዲ ላይ ጦር በወረደበት ቀንም የበረረ ነው። አሁን እዚያው ሊንከንሻየር ውስጥ፣ ኮኒንግስቢ፣ የብሪታንያ አየር ኃይል የመታሰቢያ ክፍል ይዞታል።

ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በሚቀጥለው እትም ስሟንና ሥራዋን ጻፉልን። ሁለተኛ፣ የእኛም አየር ኃይል ከጄቶቹ በፊት ሳብ 17 እና ፋየርፍላይ ነበሩት። ሁለቱም የጭራ ጎማ ያላቸው ናቸው። እኔ ስቀጠር ጊዜያቸው አልፎ ነበር። እነዚያን የጠገኑ አባቶች በሕይወት ካሉ ቢሾፍቱ ድረስ ጋዜጠኛ ላኩና፣ እነሱም ጭራ ላይ ይወጡ እንደነበር ጠይቁልኝ።

የቀድሞ የአውሮፕላን ቴክኒሻን
ከቢሾፍቱ