የአያትሽን ፍሉት ሙጫ እንዳታስነኪው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ ሐዋሳ

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እናትሽም ከናፍቆትሽ በቀር የጎደላት የለም። የላክሽልኝን የአያትሽን የእንጨት ፍሉት (የፈረንጅ ዋሽንት) ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው። ቶሎ የጻፍኩልሽ ፍሉቱ ላይ ያለውን ስንጥቅ በሱፐር ግሉ ልድፈንልሽ ያለሽን ሰው እሺ እንዳትዪው ብዬ ነው።

ስንጥቁ ያለበትን ቦታ ልብ በዪ። ጭንቅላቱ ላይ፣ ማለት የሚነፋበት የላይኛው ክፍል ላይ ብቻ ነው፤ በመንፊያው ቀዳዳ አጠገብ አልፎ እስከ መገጣጠሚያው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ጣት የሚያርፍበት አካሉ ግን አንድም ጭረት የለበትም። ወድቆ ቢሆን እንዲህ አይሆንም ነበር። የዚህ ዓይነት ፍሉት ጭንቅላቱ ውስጥ የናስ ቱቦ አለ፤ ድምፁን ከሌላ መሣሪያ ጋር ለማስማማት ሳብ መለስ የሚደረገው እሱ ነው። እንጨት ሲደርቅ በወርዱ ይኮማተራል፣ ናሱ ግን ንቅንቅ አይልም። እንጨቱ ቱቦውን አንቆ ይዞ ይቆይና መድረሻ ሲያጣ ይተረተራል። የአዳማን የበጋ ነፋስ ታውቂዋለሽ፤ አያትሽ ምድር ባቡር ሲሠሩ ከአንድ ፈረንጅ ባልደረባቸው ከተቀበሉት ጀምሮ እዚሁ ቁም ሣጥን ላይ ነው የኖረው። ዕድሜዬን በርና መስኮት ስሠራ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ እንጨት መላወሻ ከተከለከለ ይሰነጠቃል።

እንግዲህ ውጥረቱ ሳይለቅ ስንጥቁ ቢደፈን፣ ሙጫው ይይዛል፣ እንጨቱ ደግሞ ከጎኑ ሌላ መስመር ይከፍታል። መጀመሪያ እርጥበቱ ቀስ ብሎ መመለስ አለበት። ቀጥሎ ቱቦው ወጥቶ የእንጨቱ ውስጥ በስሱ ይሰፋል፣ ቱቦው ሳይጨናነቅ እንዲገባ። ከዚያ በኋላ ነው ሙጫ የሚታሰበው። ቱቦውን ለማውጣት ራስሽ እንዳትሞክሪ፤ እሱን ለእኔ ተዪው። የአንቺ ሥራ እርጥበቱ ነው፦ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ፍሉቱን አስተኚው፣ አጠገቡ በተበሳ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አድርጊ፣ ውኃው እንጨቱን እንዳይነካ። ሻጋታ እንዳይዘው በየቀኑ ክዳኑን ከፈት አድርጊለት። ሳምንታት ይፈጃል፣ አትቸኩዪ። ስንጥቁ እየጠበበ ሲሄድ በዓይንሽ ታዪዋለሽ።

ዘይት ልቀባው ወይ ላልሽው፣ የኑግ ዘይት በጭራሽ። እየቆየ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ከተጠገነ በኋላ ትንሽ የአልሞንድ ዘይት ይበቃዋል፣ እሱም ቁልፎቹ ሥር ያለውን ቆዳ ሳይነካ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ገዢ አለ ያለሽ ሰው «ጥንታዊ ነው» ማለቱ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ስድስት ክፍት ቀዳዳና ስምንት ቁልፍ ያለው አሠራር የድሮ ነው፤ ጀርመናዊው ቴዎባልድ ቦም አሁን የምናየውን ዓይነት ፍሉት በ1847 እ.ኤ.አ. ካወጣ በኋላ ግን የድሮው ወዲያው አልቀረም፤ የጀርመን ወርክሾፖች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በብዛት ሲሠሩት ኖረዋል። ስለዚህ የሠሪው ማኅተም ነው የሚፈርደው። ፎቶው ላይ ከመንፊያው በታች የደበዘዘ ጽሑፍ ይታየኛል። የእጅ ባትሪ በጎን አብርተሽ በማጉያ መነፅር አንብቢው፤ በብርጭቆ ወረቀት ግን እንዳትፈትጊው፣ ማኅተሙ ከጠፋ ዋጋውም አብሮ ይጠፋል። «ናህ ማየር» (በጀርመንኛ «እንደ ማየር አሠራር») የሚል ከሆነ የሃኖቨሩ ፍሉት ሠሪ ማየር ራሱ የሠራው አይደለም፤ ሌሎች የእሱን አሠራር ተከትለው የሠሩት ነው፣ ብዙም ውድ አይደለም። «ሩዳል» የሚል የለንደን ፍሉት ሠሪ ስም ከወጣ ግን ለማንም ሳታሳዪ ደውዪልኝ።

እንጨቱንም እዪው። ጥቁርና ከባድ ከሆነ የአፍሪካ ጥቁር እንጨት ሊሆን ይችላል፤ ወደ ቀይ ቡኒ የሚያደላ ከሆነ ከካሪቢያን ይመጣ የነበረው ኮከስ የሚባል እንጨት ሊሆን ይችላል። ቢጫ ሆኖ ጥቁር የተቀባም አለ፣ ቀለሙ በተላጠበት በኩል ይታያል። ውኃ ውስጥ ይሰምጣል አይሰምጥም ብለሽ እንዳትሞክሪ!

መገጣጠሚያው ላይ ያለው ነጭ ቀለበት አሳስቦኛል። ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካለው አጥንት ነው። ጫፉ ላይ እርስ በርሱ የሚጠላለፍ ስስ መስመር ካየሽ ግን የዝሆን ጥርስ ነው፣ እሱ ደግሞ የሕግ ጉዳይ ነው። አገራችን ከአዘዋዋሪዎች የተያዘ ስድስት ቶን ያህል የዝሆን ጥርስ መጋቢት 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያቃጠለችው ንግዱን ለማስቆም ነው። ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም፤ ወደ ውጭ እንልክልሻለን የሚልሽን አትስሚ።

እኔን ብትጠይቂኝ ባይሸጥ ደስ ይለኛል። አባባ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ሲነፉት ሠፈሩ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር፤ አንቺ ገና አልተወለድሽም። ውሳኔው ግን የአንቺ ነው፣ ለአንቺ ነው የሰጡሽ።

ለፋሲካ ስትመጪ ይዘሽው ነዪ። ክፍሎቹን ነቃቅለሽ እያንዳንዱን በጨርቅ ጠቅልዪ፤ ሲነቀል እንቢ ካለሽ አትታገዪው፣ እንዳለ አምጪው። ሞጆ መኪና ስትቀይሪ ፀሐይ ላይ እንዳይቆይ፣ ጭነት ላይም እንዳይወጣ፣ ጭንሽ ላይ ያዥው። የማኅተሙንና የቀለበቱን ፎቶ ግን ከዚያ በፊት ላኪልኝ።

አባትሽ፣ አዳማ